ወፏን አትከተያት፤ ወንበርሽ ላይ ጠብቂያት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ የመጀመሪያ ዓመት ትዝ አለኝ። ጓሮሽ ወፎች ይመጣሉ፤ ካሜራና ሩቁን የሚያቀርብ 70-300 ሚሊሜትር ሌንስ አለሽ፤ ስትጠጊያቸው ግን ብር ብለው ይጠፋሉ። ያነሳሻቸውም ትንንሽና ብዥ ያሉ ናቸው። "ትልቅ ሌንስ ልግዛ ወይ?" ብለሻል። እኔን ካልሽ አሁን አትግዢ። ያስቸገረሽ ሌንሱ ሳይሆን ርቀቱ ነው።

በቁጥር ላሳይሽ። 15 ሴንቲሜትር የምትረዝም ትንሽ ወፍ አስቢ። ክሮፕ ሴንሰር ባለው ካሜራ (ብርሃን የሚቀበለው ክፍሉ ከፉል ፍሬም አነስ ያለ ነው)፣ ሌንሱን 300 ላይ አድርገሽ ከ10 ሜትር ብታነሻት የፎቶውን ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ትሞላለች። ከ4 ሜትር ብታነሻት ግን ግማሹን ያህል ትይዛለች። ያው ሌንስ፣ ያችው ወፍ። እዚያው 10 ሜትር ላይ ቆመሽ ይህን ለማግኘት 750 ሚሊሜትር ሌንስ ያስፈልግሽ ነበር። ስለዚህ ሥራሽ ያንን 6 ሜትር ማሳጠር ነው። የምታሳጥረው ደግሞ ወፏ ናት እንጂ አንቺ አይደለሽም።

እኔ ብዙ ወራት ከዛፍ ዛፍ ስከተላቸው ነው ያሳለፍኩት። ጎንበስ ብዬ፣ ኮቴዬን አጥፍቼ። ያተረፍኩት የጅራት ፎቶ ብቻ ነው። ለወፍ፣ ዓይኑን ተክሎባት የሚጠጋ ነገር ሁሉ አዳኝ ነው። ባለበት የሚቀመጥ ነገር ግን ቀስ በቀስ እንደ ግንድ ይለመዳል። ይህን የቀደሙት ሰዎችም ያውቁታል። ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የሚባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ነበሩ፤ በ1892 እንቁላል ያለበትን የወፍ ጎጆ ፎቶ አንስተዋል። በኋላ ወፎቹ የሰው ቅርጽ እንዳያዩ ብለው ከበሬ ቆዳ በሬ የሚመስል መደበቂያ ሠርተው ውስጡ ይገቡ ነበር። አንቺ በሬ አያስፈልግሽም። ወንበር ይበቃሻል።

ወንበርሽን አንድ ቦታ አስቀምጪና አታንቀሳቅሺው። በየቀኑ በዚያው ሰዓት ተቀመጪ፤ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። ደብዘዝ ያለ ቀለም ልበሺ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቀናት ካሜራ አትያዢ። መጽሐፍ አንብቢ። በኋላ ካሜራውን ጭንሽ ላይ አድርጊው። ከዚያ ነው ወደ ዓይንሽ የምታነሽው፤ እሱንም ቀስ ብለሽ። እኔ ዘጠነኛው ቀን ላይ አንዲት ድንቢጥ ከጫማዬ ሁለት እርምጃ ርቃ መሬት ስትጭር አየሁ። ካሜራውን ሳላነሳ ዝም ብዬ አየኋት። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳውም።

ወንበሩ ፊት ለፊት፣ 4 ሜትር ላይ፣ ውኃ አስቀምጪ። እህል ከመበተን ውኃ ይሻላል ባይ ነኝ፤ እህል የሚበሉትም፣ ነፍሳት የሚበሉትም ለውኃ ይመጣሉ። ሰፊና ዝርግ ሳህን ይሁን። ጥልቀቱ ከ5 ሴንቲሜትር አይብለጥ፤ ትንንሾቹ ጥልቅ ውኃ ይፈራሉ። መሃሉ ላይ ሸካራ ድንጋይ አድርጊበት። ውኃውን በየቀኑ ቀይሪ፣ ሳህኑንም በደንብ ፈትጊው። ብዙ ወፍ በአንድ ዕቃ ሲጠጣ በሽታ ይተላለፋል፤ እንግዳ ጠርቶ ማሳመም አይሆንም። ቁጥቋጦ ካለ ሳህኑ ከሱ ሁለት ሦስት ሜትር ይራቅ። ወፏ ስትደነግጥ የምትሸሽበት ይኖራታል፤ ድመት ግን አድብታ በአንድ ዝላይ አትደርስባትም።

አመጣጣቸውን ልብ በይ። ቀጥታ ውኃው ላይ አያርፉም። መጀመሪያ አጠገቡ ያለ ነገር ላይ ቆመው ግራ ቀኝ ያያሉ። ስለዚህ ደረቅ፣ ቅርፊቱ የሚያምር ቅርንጫፍ ፈልጊና ከሳህኑ ግማሽ ሜትር ርቀት ላይ ትከዪው። ከምርጥ ፎቶዎቼ አብዛኞቹን ያነሳሁት እንዲህ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ከኋላው ያለው አጥር ወይም ተክል ግን ይራቅ፤ አምስት ስድስት ሜትር ቢርቅ ባክግራውንዱ ሟሙቶ አንድ ለስላሳ ቀለም ይሆናል። ከጥያቄሽ ጋር የለጠፍሽው ፎቶ ላይ ወፏ ከአጥሩ ጋር ተጣብቃለች። ለዚህ ነው ዓይን የማትይዘው።

ፀሐይ ከጀርባሽ ትሁን። ነፋሱም ከጀርባሽ ከሆነ እሰየው፤ ወፎች ነፋስ ፊት ለፊት ተቀብለው ነው የሚያርፉትም የሚነሱትም፣ ስለዚህ ፊታቸውን ወዳንቺ ያዞራሉ። ቁመትሽንም ወደ ወፏ ዓይን አውርጂ። ሳህኑ መሬት ላይ ከሆነ አንቺም ከወንበሩ ወርደሽ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጪ። ይህቺ ብቻ ፎቶውን ሌላ ታደርገዋለች።

ወደ ካሜራው ስመጣ፣ ብዥታሽ ከሹተር ፍጥነት ይመስለኛል፤ ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ማለት ነው። ቅርንጫፍ ላይ ለቆመች ወፍ ቢያንስ 1/1000 ሰከንድ አድርጊ። ስትታጠብ 1/2000። ለምትበር ትንሽ ወፍ 1/3200 እና ከዚያ በላይ። አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፣ ሌንስሽ የሚችለውን ያህል ክፈቺው፤ 300 ላይ ብዙውን ጊዜ ኤፍ 5.6 ነው። አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበትን መጠን) ኦቶ ላይ ተዪው፤ ራሱ ይመርጣል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ፎቶው ላይ ጠጠር ጠጠር የሚል ነገር ይወጣል፤ እሱን በኋላ ማለስለስ ይቻላል። ብዥ ያለውን ግን ምንም አያድነውም። ፎከሱ የሚንቀሳቀሰውን የሚከታተለው ዓይነት ይሁን፤ ካኖን ላይ ኤአይ ሰርቮ፣ ኒኮንና ሶኒ ላይ ኤኤፍ-ሲ ይሉታል። ነጥቧን ዓይኗ ላይ አሳርፊ። ዓይኗ ቁልጭ ካለ የክንፏ ጫፍ ቢደበዝዝ ማንም አይቆጥርብሽም። ጀርባዋ ደማቅ ሰማይ ከሆነ ደግሞ ካሜራው ያጠቁራታል፤ ብርሃኑን አንድ ደረጃ ጨምሪ።

አንድ ጊዜ ብቻ አትጫኚ፤ አከታትለሽ አንሺ። ወፎች ሦስተኛ የዓይን ቆብ አላቸው፤ ስስ ናት፣ ዓይናቸው ላይ በጎን እልፍ ትላለች። በዚያች ቅጽበት ካነሳሽ ዓይኗ የታመመ ይመስላል። ስትጠጣም ጠብቂ። ድንቢጥ ምንቃሯን ነከር አድርጋ ቀና ትላለች፤ ያኔ ጠብታዋ ምንቃሯ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ብርሃን ትይዛለች። እርግብ ግን ቀና አትልም፤ ምንቃሯን ነክራ ትምገዋለች። እሷን ከውኃው ላይ ከሚታየው ምስሏ ጋር አንሺያት።

አሁን የምነግርሽን አደራ ስሚኝ። አንድ ዓመት ቁጥቋጦ ውስጥ ጎጆ አገኘሁ። ሦስት ጫጩቶች ነበሩበት። ቅጠሉ ከለለብኝና ሁለት ቅርንጫፍ አጠፍኩ። ፎቶው በጣም ጥርት ብሎ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ቁራ አጥሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ጎጆው ባዶ ነበር። ያጋለጥኳቸው እኔ ነኝ። እናቲቱ ምግብ በአፏ እንደያዘች ባዶው ጎጆ ጠርዝ ላይ ቆማ ስትጣራ ሰማኋት። ፎቶውን አጠፋሁት። ስለዚህ ጎጆ ካገኘሽ ተመለሺ፤ ቅጠል አትንኪ። በስልክ የወፍ ድምፅ ከፍቶ መጥራትንም ተዪው። ወፏ ተቀናቃኝ የመጣባት መስሏት ጉልበቷን ትጨርሳለች፤ ጫጩት ካላት ደግሞ በዚያ ሰዓት አትመግብም።

ውጭ መቀመጥ ካልተመቸሽ ከመስኮት ይቻላል። ብትከፍቺው ይሻላል። ካልሆነ መስታወቱን ወልውዪ፣ የክፍሉን መብራት አጥፊና ሌንሱን ቀጥ አድርገሽ ወደ መስታወቱ አስጠጊው። ሰያፍ ከሆነ ጥራቱ ይወርዳል። መስታወቱ ላይ ሰማይና ዛፍ የሚታይ ከሆነ ግን ወፎች እውነት መስሏቸው ይጋጩበታል። በውጭ በኩል በየ5 ሴንቲሜትሩ ነጠብጣብ ለጥፊበት፤ ለካሜራሽ አንድ ጥግ ብቻ ተዪ።

ጓሮሽ ጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው በየት በኩል እንደሆነና አጥሩ ምን ያህል እንደሚርቅ ጻፊልኝ። ወንበሩንና ሳህኑን የት የት እንደምታደርጊ አብረን እናያለን።