አባቴ ወስደውት የማያውቁትን መድኃኒት ባክቴሪያው እንዴት ተላመደው?

ጥያቄ፦ አባቴ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝተዋል፤ የሽንት ካቴተር አላቸው። ትኩሳት ስለነበራቸው ካልቸር (ባክቴሪያን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ተሠራ፤ ክሌብሲየላ የተባለ፣ ሜሮፔነም የተባለውን አንቲባዮቲክ የተላመደ ባክቴሪያ ተገኘ። አሁን ኮሊስቲን ተጀምሮላቸዋል። ሜሮፔነም ግን በሕይወታቸው ወስደው አያውቁም። እንዴት ሊሆን ቻለ?

መልስ፦ ጭንቀትዎ ይገባኛል። መድኃኒቱን የተላመደው የአባትዎ ሰውነት ሳይሆን ባክቴሪያው ነው፤ እሱ ደግሞ ከሌላ ሕመምተኛ በእጅ ወይም በዕቃ ተላልፎ፣ ችሎታውን ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ብዙ ባክቴሪያዎች ፕላዝሚድ የሚባል ክብ የዲኤንኤ ቁራጭ አላቸው። አንዱ ቅጂውን ለጎረቤቱ ያቀብላል፤ ጎረቤቱ የሌላ ዝርያ ቢሆንም እንኳ። ለዚህ ልውውጥ አንጀት ዋና ቦታ ነው። ፕላዝሚዱ ካርባፔነሜዝ የተባለውን ኢንዛይም የሚያሠራ ዘረመል ከያዘ፣ ሜሮፔነም ሥራውን ሳይጀምር ይሰበራል። እዚያው ፕላዝሚድ ላይ ሌሎች መድኃኒቶችን የሚቋቋሙ ዘረመሎችም አብረው ይጓዛሉ። ስለዚህ ከዚህ በፊት የተወሰደ ሌላ አንቲባዮቲክ ደካሞቹን ጨርሶ ለዚህኛው ሜዳውን ሊለቅለት ይችላል።

ኮሊስቲን የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ኔጌቲቭ ወደሆነው የባክቴሪያው ውጫዊ ሽፋን ይሳብና ያፈርሰዋል። በ2015 ቻይና ውስጥ መገኘቱ የተገለጸው ኤምሲአር-1 የተባለ ዘረመል ግን ሽፋኑ ላይ ፎስፎኢታኖላሚን እየለጠፈ ኔጌቲቭ ቻርጁን ይቀንሳል፤ መድኃኒቱም የሚጣበቅበት ያጣል። ዘረመሉ በፕላዝሚድ መተላለፉ ነው በጣም ያሳሰበን።

ኮሊስቲን ባክቴሪያውን ማሸነፉ በምን ዘዴ እንደተመረመረ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። በተለመደው የዲስክ ምርመራ የሚገኘው ውጤት አያስተማምንም፤ ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ በአጋሩ (ባክቴሪያው በሚያድግበት ጄል) ውስጥ በደንብ አይሰራጭም። የሚታመነው ብሮዝ ማይክሮዳይሉሽን (መድኃኒቱን በተለያየ መጠን በፈሳሽ ውስጥ የሚፈትነው ዘዴ) ነው። መድኃኒቱ ኩላሊትን ስለሚጎዳ ክሬአቲኒናቸው (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) እና የሽንታቸው መጠን በቅርብ መታየት አለባቸው። የካቴተሩም ነገር ችላ አይባል፤ ባክቴሪያው ግድግዳው ላይ ባዮፊልም (ተጣባቂ መከላከያ ሽፋን) ሠርቶ ከመድኃኒት ይሸሸጋል፤ ስለዚህ ዛሬም ያስፈልግ እንደሆነ በየቀኑ ይጠይቁ።

እርስዎም ሲገቡና ሲወጡ እጅዎን በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይሹ፤ እጅዎ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ካለ ግን በውሃና በሳሙና ይታጠቡ። አባትዎ ከዳኑ በኋላም ባክቴሪያው አንጀታቸው ውስጥ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ትኩሳትም ሌላ ምልክትም ከሌላቸው በመድኃኒት ማሳደድ አያስፈልግም፤ ሌላ ቦታ ሲታከሙ ግን ይህን የካልቸር ውጤት ይዘው ይሂዱ።