የተወጉትን መርፌ ስም ያውቃሉ? የአንባቢያን የጤና ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ58 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ነው። የስኳር ሕመም ስላለብኝ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። ቀኝ ጉልበቴን እያመመኝ ደረጃ መውጣትም ሆነ ሶላት ላይ መንበርከክ ስላቃተኝ፣ ከሁለት ወር በፊት በአንድ የግል ክሊኒክ ወተት የመሰለ ነጭ መድኃኒት ጉልበቴ ውስጥ ተወጋሁ። ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ለቀቀኝ፤ ነገር ግን ከ140 የማያልፈው ስኳሬ በማግስቱ 290 ደረሰ፤ የወረደውም ከሳምንት በኋላ ነው። አሁን ሕመሙ እየተመለሰ ስለሆነ መርፌውን ልድገመው? ጎረቤቴ ደግሞ ለወገቧ ሕመም በየወሩ መቀመጫዋ ላይ ትወጋለች፤ ፊቷ ስለሞላ ሰው ሁሉ «ተስማማሽ» ይላታል። ለእሷስ ደግ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መድኃኒቱ ወተት እንደሚመስል መጻፍዎ ጠቅሞናል። ለመገጣጠሚያ ከሚሰጡት የኮርቲኮስቴሮይድ (በአጭሩ ስቴሮይድ) መርፌዎች መካከል ሜቲልፕሬድኒሶሎን አሴቴትና ትራያምሲኖሎን ደቃቅ ቅንጣት ስላላቸው ነጭና ድፍርስ ናቸው፤ ቅንጣቱ ቀስ በቀስ እየሟሟ በተወጋበት ቦታ ለሳምንታት ይሠራል፤ በዚሁ ምክንያት በደም ሥር አይሰጡም። ዴክሳሜታሶን ግን እንደ ውኃ የጠራ ነው። ሆኖም መድኃኒትን በመልኩ ብቻ መለየት ስለማይቻል፣ ወደ ክሊኒኩ ተመልሰው የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን በሚሊ ግራም፣ የተወጉበትን ቀንና የትኛው ጉልበት እንደሆነ በወረቀት እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ። መብትዎ ነው፤ ቀጥሎ የሚያይዎ ሐኪም ያለዚህ ወረቀት በግምት ለመሥራት ይገደዳል።

የስኳርዎ መጨመር ከመርፌው የመጣ ይመስላል። ኮርቲኮስቴሮይድ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት አድሬናል እጢዎች የሚያመነጩትን ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት ሲሆን፣ ጉበት ስኳር አብዝቶ ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጋል፤ የኢንሱሊንንም ሥራ ያዳክማል። ጉልበት ውስጥ ከተወጋውም ከፊሉ ወደ ደም ስለሚገባ፣ የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ስኳሩ ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ለአንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ይቆያል። ወደፊት ከመወጋትዎ በፊት የስኳር ሕመም እንዳለብዎ ይናገሩ፤ ከተወጉ በኋላም ለሳምንት ያህል ጠዋት ከቁርስ በፊት ብቻ ሳይሆን ከሰዓት በኋላና ማታም ይለኩ፤ ምክንያቱም ስቴሮይድ ይበልጥ የሚጨምረው ከምግብ በኋላ ያለውን ስኳር ነው። ስኳሩ ከ300 በላይ ሆኖ ከቆየ፣ ወይም ብርቱ የውኃ ጥም፣ የሽንት መብዛትና ማስመለስ ከመጣብዎ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ የሜትፎርሚኑን መጠን ግን በራስዎ አይጨምሩ።

መድገሙን በተመለከተ፣ ሁለት ወር ገና ነው። በአንድ መገጣጠሚያ ላይ በሁለት መርፌዎች መካከል ቢያንስ ሦስት ወር እንዲያልፍ፣ በዓመትም ከሦስት ወይም ከአራት ጊዜ እንዳይበልጥ ሐኪሞች ይመክራሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት፣ የጉልበት መገጣጠሚያ ብግነት የነበረባቸው 140 ሰዎች ለሁለት ዓመት በየ12 ሳምንቱ ገሚሶቹ 40 ሚሊ ግራም ትራያምሲኖሎን፣ ገሚሶቹ ጨዋማ ውኃ ብቻ ተወግተው ነበር፤ መጨረሻ ላይ በሕመም ረገድ የጎላ ልዩነት ሳይታይ፣ ትራያምሲኖሎን የተወጉት ሰዎች የጉልበታቸው ልምአጥንት (የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ክፍል) ይበልጥ ሳስቶ ተገኘ። ይህን የምጠቅሰው መርፌው መጥፎ ነው ለማለት አይደለም፤ ጉልበት ሲያብጥና ሲያቃጥል ፋታ ይሰጣል። በዚያ ፋታ ግን የጭን ጡንቻን ማጠንከር ያስፈልጋል፦ ወንበር ላይ ተቀምጠው እግርዎን ቀጥ አድርገው ዘርግተው፣ እስከ አምስት ቆጥረው ቀስ ብለው ያውርዱት፤ ይህንንም በቀን ውስጥ ደጋግመው ይሥሩ። እስኪሻልዎትም ወንበር ላይ ሆነው ይስገዱ።

የጎረቤትዎ ነገር ከእርስዎም በላይ ያሳስበኛል፤ የምትወጋው ስቴሮይድ ይመስላልና። የፊት መሙላት ሁልጊዜ የጤና ምልክት አይደለም፤ ስቴሮይድ ሲደጋገም ፊት ይከብባል፣ ሆድ ይወፍራል፣ ቆዳ ይሳሳል፣ የደም ግፊትና ስኳር ይጨምራል፣ አጥንትም ይደክማል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ መድኃኒቱ ከውጭ በየወሩ ሲመጣ አድሬናል እጢዎች የራሳቸውን ኮርቲሶል ማምረት መተዋቸው ነው። ስለዚህ «ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ» አይበሏት፤ በድንገት ስታቆም ብርቱ ድካም፣ ስትነሣ መዞር፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ሊመጣባት ይችላል፤ በዚህ መካከል ከባድ ኢንፌክሽን ቢይዛት ወይም ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልጋት ለሕይወቷም ያሰጋል። የምትወጋውን መድኃኒት ስም ይዛ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ትሂድ፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ቅርባችሁ ነው።

ሁለታችሁም ከመወጋታችሁ በፊት ሳትጠየቁም ቢሆን ልትናገሩት የሚገባ ነገር አለ። ቲቢ የነበረበት ወይም አሁን ሳል፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ያለበት ሰው ይናገር፤ ስቴሮይድ የተኛን ቲቢ ሊቀሰቅስ ይችላል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በውስጡ ሪቶናቪር ካለ ማሳወቅ አለበት፤ ሪቶናቪር ስቴሮይዱ ከሰውነት እንዳይወገድ ስለሚያዘገየው፣ አንድ የትራያምሲኖሎን መርፌ እንኳ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። እንደ ጅማ ባለ ሞቃትና ዝናባማ አገር በባዶ እግር እርሻ ላይ የሚውል ሰው ደግሞ ስትሮንጂሎይደስ የተባለ ትል ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ ትል በእግር ቆዳ ገብቶ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ተራ የሰገራ ምርመራም ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል፤ ስቴሮይድ ሲበዛ ግን ተራብቶ በመላ ሰውነት በመሠራጨት ሊገድል ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ይህንኑ ይናገር።

ከተወጉ በኋላ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ጉልበትዎን ያሳርፉ፤ ወጌሻ ዘንድ ሄደው አያሳሹት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ ጥቂት ቢብስ የተለመደ ነው፤ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ይያዙበት። ነገር ግን ጉልበቱ ቀልቶ ቢግል፣ እብጠቱ ቢጨምር፣ ትኩሳት ቢመጣ ወይም እግርዎን መርገጥ ቢያቅትዎ መገጣጠሚያው አመርቅዞ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ አባቴ ጂሬን ይኖራሉ። ጉንፋንና ቁርጥማት በያዛቸው ቁጥር ሰፈር ውስጥ ዴክሳሜታሶን ይወጋሉ፤ በማግስቱም ተነሥተው ሥራ ይውላሉ። ይጎዳቸው ይሆን?

መልስ፦ በማግስቱ የሚነሡት መድኃኒቱ ትኩሳትንና የሰውነት መቆረጣጠምን ስለሚያበርድ እንጂ ጉንፋኑን ስለሚያድን አይደለም። ዴክሳሜታሶን ለከባድ ሕመም ታላቅ መድኃኒት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪታንያ በተደረገ ሰፊ ጥናት ኦክስጅን ያስፈለጋቸውን የኮቪድ ሕሙማን ሞት ሲቀንስ፣ ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን ጥቅም አልታየበትም። ለጉንፋን ሲሰጥ ጉዳቱ ሌላ በሽታን መሸፈኑ ነው፤ ትኩሳቱ የወባ ወይም የሳንባ ምች ሊሆን ይችላልና። አባትዎ ቀጥሎ ሲያተኩሳቸው መርፌው ይቆይና የወባ የደም ምርመራ ያድርጉ፤ ምርመራው የሌላ በሽታ ምልክት ካላሳየም ፓራሲታሞል፣ ፈሳሽና ዕረፍት ይበቃቸዋል። እስካሁን ስንት ጊዜ እንደተወጉም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ከደጋገሙት የደም ግፊታቸውና ስኳራቸው መለካት አለበት።