የላላው የፍጥነት ቀስት

ጥያቄ፦ የዳሽቦርዴን አምፖል ልቀይር የፍጥነት ቀስቱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። አሁን ላልቷል፣ ወደ ጢስ ዓባይ ስወጣ ኮረኮንቹ ላይ ብቻውን ይወዛወዛል። በሱፐር ግሉ ልለጥፈው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ኧረ ተው ወንድሜ! ሱፐር ግሉ ወደ ውስጥ ከፈሰሰ ቀስቱን የሚያዞረውን ሞተር ይይዘዋል፣ ትነቱም መስታወቱን ያነጣዋል፣ ያ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ችግሩ ቀስቱ የሚሰካበት ቀዳዳ መስፋቱ ነው። በመርፌ ጫፍ ጠብታ የማታህል ወፍራም ማጣበቂያ ቀዳዳው ግድግዳ ላይ ቀባና በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ቁልፉን ከፍተህ፣ መኪናው ቆሞ፣ ዜሮ ላይ ቀስ አድርገህ ሰካው። እስከ ታች አትጫነው፣ ሰሌዳውን ይፍቃል። በጎንደር መንገድ 60 ስትነዳ፣ አጠገብህ ያለ ሰው ከስልኩ ጂፒኤስ ጋር ያስተያየው።