የጣቢያው ዝውውር ሳይጸድቅ ቁልፉን አትረከቡ

ለተወደዳችሁ ወጣቶች፤

በአሜሪካ የምትኖሩ አንዳንዶቻችሁ ገንዘብ አዋጥታችሁ አንድ አነስተኛ የራዲዮ ጣቢያ ለመግዛት ማሰባችሁን ነግራችሁኛል። ሐሳባችሁ ከልብ አስደስቶኛል። በዋሽንግተንና በአካባቢው የአማርኛ ፕሮግራሞች በሌሎች ሰዎች ጣቢያ ላይ የአየር ሰዓት እየተከራዩ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል፤ ኪራዩ በጨመረ ወይም ጣቢያው በተሸጠ ቁጥር አድማጭ ከለመደው ሰዓት ሲፈናቀል አይቻለሁና፣ የራሳችን የምንለው ጣቢያ ቢኖረን ምን ያህል እንደሚጠቅመን ይገባኛል። ይሁን እንጂ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት የራዲዮ ጣቢያ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የራዲዮ ፈቃድ ለሚሰጠው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት፣ ለፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ የሚቀርበውን ማመልከቻ በማዘጋጀት ስለሆነ፣ ገንዘባችሁን ከማዋጣታችሁ በፊት ልትሰሙኝ የምፈልገው ነገር አለ።

ሁላችሁም በመጀመሪያ የምትጠይቁኝ ስለ ዋጋው ነው። ከዋጋው በፊት ግን በገንዘባችሁ የምትገዙት ምን እንደሆነ ለይታችሁ ማወቅ አለባችሁ። የስቱዲዮውን ዕቃ፣ ማሰራጫውን፣ የአንቴናውን ምሰሶና ምሰሶው የቆመበትን መሬት መግዛት ትችላላችሁ፤ ሞገዱን ግን ማንም ሊሸጥላችሁ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው የኮሙኒኬሽን ሕግ በአንቀጽ 301 እንደሚደነግገው፣ ፈቃድ የሚሰጠው በሞገዱ ለተወሰነ ጊዜ ለመጠቀም እንጂ የሞገዱ ባለቤት ለመሆን አይደለም፤ ዛሬ አንድ የራዲዮ ፈቃድ የሚቆየው 8 ዓመት ሲሆን ከዚያ በኋላ መታደስ አለበት። ይህ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ሻጩ የሚሸጠው ከመሬቱ በላይ ያፈራውን ንብረት ነው፤ ገዢውም ስመ ንብረቱን ለማዛወር ወደ መንግሥት መዝገብ ይሄዳል። ልዩነቱ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ቤት የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ቁልፉን ተረክቦ እየኖረበት ስም የማዛወሩን ጉዳይ ይከታተላል፤ በራዲዮ ግን የኮሚሽኑ ፈቃድ ይቀድማል፣ ርክክቡ ይከተላል።

ይህን ቅደም ተከተል የሚያስገድደው የዚያው ሕግ አንቀጽ 310 ንዑስ አንቀጽ ዲ ነው። ኮሚሽኑ ማመልከቻ ቀርቦለት፣ ዝውውሩ የሕዝብን ጥቅም የሚያገለግል መሆኑን ካላረጋገጠ በስተቀር ፈቃዱም ሆነ ፈቃዱን የያዘው ድርጅት ቁጥጥር ወደ ሌላ ሰው ሊተላለፍ አይችልም። «ቁጥጥር» የሚለውን ቃል በተለይ አስተውሉት። ጣቢያው ከአንድ ድርጅት ወደ ሌላ ድርጅት ሲሸጥ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ሁሉም ሰው ይገምታል። ድርጅቱ እዚያው ሆኖ አክሲዮኑ ብቻ እጅ ሲለውጥ፣ ለምሳሌ ከሁለት ሸሪኮች አንዱ ድርሻውን ለሌላው ሸጦ ሲወጣ፣ ተመሳሳይ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ግን ብዙዎች አያውቁም። ባለቤቱ ሞቶ ጣቢያው ለወራሾቹ ሲተላለፍ እንኳ አጠር ባለ ቅጽም ቢሆን ማመልከት ግዴታ ነው። ጣቢያውን የምትይዙት ለትርፍ ባልቆመ ማኅበር ስም ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ልትጠነቀቁ ይገባል፤ ምክንያቱም በአንድ ጠቅላላ ጉባኤ የቦርዱ አባላት አብላጫ ቁጥር ከተለወጠ ይህም እንደ ቁጥጥር ለውጥ ሊታይ ይችላል። ማኅበሮቻችን በምርጫ ሰሞን እንዴት እንደሚናወጡ፣ አንዳንዴም ለሁለት እንደሚከፈሉ ሁላችንም እናውቃለንና፣ የመተዳደሪያ ደንባችሁን ስትጽፉ ይህን አስባችሁ ጻፉት።

ማመልከቻው ከቀረበ በኋላ ኮሚሽኑ ጉዳዩን ለሕዝብ ያሳውቃል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ መቃወም የሚፈልግ ወገን አቤቱታውን ያቀርባል። የጣቢያው አድማጮችም በጣቢያው በራሱ ማስታወቂያ ይነገራቸዋል። ድሮ ማስታወቂያው በአካባቢው ጋዜጣ ላይም ይወጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በተሻሻለው ደንብ የጋዜጣው ግዴታ ቀርቶ በአየርና በኢንተርኔት እንዲነገር ተደርጓል። ጋዜጣውን ማንም አያነብም ብለው ለውጡን የደገፉ ነበሩ። እኔ ግን የሽያጭ ማስታወቂያውን ከአካባቢው ጋዜጣ ቆርጠው በፖስታ የሚልኩልኝን አረጋውያን አስታውሳለሁና፣ በጋዜጣው መቅረት የጠፋ ነገር እንዳለ ይሰማኛል።

ተቃዋሚ ሊሟገትበት የሚችለው ነገር ወሰን አለው። ሕጉ ኮሚሽኑን ከቀረበለት ገዢ ይልቅ ሌላ ሰው ቢገዛው ለሕዝብ ይሻል ነበር ብሎ እንዳያመዛዝን ይከለክለዋል። ስለዚህ አንድ ጣቢያ አምልጧችሁ ለሌላ ቢሸጥ፣ «እኛ ለማኅበረሰቡ የተሻልን ነበርን» የሚለው ክርክር ፋይዳ የለውም። ከዚህም የሚያሳዝነው፣ አዲሱ ገዢ የፕሮግራሙን ዓይነት ይለውጣል የሚለው ሙግት የማያዋጣ መሆኑ ነው። በኒው ዮርክ የአንድ ጣቢያ አድማጮች ይህን ጥያቄ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ አድርሰውት፣ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1981 የፕሮግራም ዓይነትን ለገበያው መተው ይቻላል የሚለውን የኮሚሽኑን አቋም አጽንቶታል። የምትወዱት የአማርኛ ሰዓት በሽያጭ ምክንያት ቢቋረጥ በዚህ መንገድ ማስመለስ አትችሉም ማለት ነው። ውሳኔውን በሕግ ባለሙያነቴ እቀበለዋለሁ፤ በአድማጭነቴ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ይከብደኛል።

ኮሚሽኑ በጥብቅ ከሚመረምራቸው ጉዳዮች አንዱ በአንድ አካባቢ ስንት ጣቢያ በአንድ እጅ እንደተያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ በአገር አቀፍ ደረጃ የነበረውን ጣሪያ አነሣው፤ በየአካባቢው ገበያ ግን ጣሪያ ተወ። 45 ወይም ከዚያ በላይ ጣቢያ ባለበት ገበያ አንድ ባለቤት እስከ 8 ጣቢያ መያዝ ይችላል፤ ከእነዚህ ውስጥ ኤፍ ኤም ብቻ ወይም ኤ ኤም ብቻ የሆኑት ከ5 መብለጥ የለባቸውም። ገበያው ሲያንስ ቁጥሩም ይወርዳል። እናንተ አንድ ጣቢያ ስለምትገዙ ይህ አይመለከተንም ትሉ ይሆናል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በጥር 2002 ኖርዝ ዳኮታ ውስጥ በምትገኘው ማይኖት አጠገብ አንድ የዕቃ ባቡር ሐዲዱን ስቶ የአሞኒያ ጋዝ በሌሊት በከተማዋ ላይ ሲፈስና ሰው ሲሞት፣ የከተማዋ ስድስት የንግድ ጣቢያዎች በሙሉ የአንድ ኩባንያ ነበሩ። ማስጠንቀቂያው ለሕዝቡ በወቅቱ ያልደረሰው በጣቢያዎቹ ጥፋት ነው ወይስ በአስቸኳይ ጊዜ ማስጠንቀቂያ መሣሪያው አጠቃቀም ምክንያት የሚለው እስካሁን ያከራክራል። እኔ ከዚያ ሌሊት ወዲህ የባለቤትነት ቁጥር ሲነገር የሚታየኝ፣ ሰው በጨለማ ተነሥቶ ራዲዮውን ከፍቶ አንዳች ነገር ለመስማት ሲጠብቅ ነው።

አሁን ወደ እኛ ቤት ጉዳይ ልግባ። ፈቃዱን በቀጥታ በሚይዘው ድርጅት ውስጥ የውጭ ዜጎች ድርሻ ከ20 በመቶ መብለጥ አይችልም፤ ፈቃዱን የያዘውን ድርጅት በሚቆጣጠረው እናት ኩባንያ ውስጥ ደግሞ መለኪያው 25 በመቶ ነው። ከዚህ ሁለተኛው ጣሪያ በላይ ለመሄድ የኮሚሽኑን ልዩ ውሳኔ መጠየቅ ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ የአውስትራሊያውያን ባልና ሚስት መቶ በመቶ እንዲይዙ የተፈቀደው በዚህ መንገድ ነበር። እዚህ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ስሕተት ግሪን ካርድ ያለውን ሰው እንደ ዜጋ መቁጠር ነው። በዚህ ሕግ ፊት ግሪን ካርድ የያዘ ሰው የውጭ ዜጋ ነው። ከአሥር አዋጪዎች ስድስቱ ገና ዜግነት ያላገኙ ከሆነ፣ ድርሻቸውን ከጣሪያው ጋር አስተያይታችሁ ሳታሰሉ የግዢ ውል አትፈርሙ፤ ቀብድም አትክፈሉ።

ይህ ጣሪያ የሚያስከትለውን ፈተናም ልንገራችሁ። «በወንድሜ ስም ይሁን፣ እርሱ ዜጋ ነው፤ ገንዘቡ ግን የእኔ ነው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። በዘመድ ስም ንብረት መያዝ በእኛ ዘንድ የመተማመን ምልክት ስለሆነ፣ የሚያቀርበው ሰው ብዙ ጊዜ ክፉ ሐሳብ የለውም። ኮሚሽኑ ግን ማመልከቻው ላይ ከተጻፈው ስም ጀርባ ያለውን እውነተኛ ባለጉዳይ ማወቅ ይፈልጋል፤ ይህን መሰወር ከማንኛውም የአሠራር ጉድለት በላይ የሚታይ ጥፋት ነው። የዘገየ ወረቀት በቅጣት ይታለፋል፤ ለኮሚሽኑ እውነቱን የደበቀ ሰው ግን ፈቃድ ለመያዝ የሚያበቃ ጠባይ አለው ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣበታል፤ ያ ጥያቄም ለወደፊት ማመልከቻዎቹ ሁሉ ይከተለዋል። ያልተጻፈ የቤተሰብ ስምምነት ካለ ወይ ጻፉትና አሳውቁት፣ ወይ ተዉት።

ለደንበኞቼ በጊዜው ሳልነግራቸው በመቅረቴ የሚቆጨኝን አንድ ጉዳይ ልጨምር። የአንድ ማኅበረሰብ ሰዎች አነስተኛ የኤ ኤም ጣቢያ ለመግዛት ተዋውለው ማመልከቻው ገባ። ሻጩ አርጅቶ ስለደከመው፣ ገዢዎቹም ስለቸኮሉ፣ የዝውውሩ ፈቃድ ሳይመጣ የራሳቸውን ሰው ሥራ አስኪያጅ አድርገው አስቀመጡ፤ የኤሌክትሪኩን ሂሳብ መክፈል፣ ማስታወቂያ መሰብሰብና ሠራተኛ ማሰናበት ጀመሩ። ኮሚሽኑ አንድ ጣቢያ በማን ቁጥጥር ሥር እንዳለ የሚለየው በሦስት ነገር ነው፦ ፕሮግራሙን የሚወስነው፣ ሠራተኛውን የሚቀጥረውና የሚያሰናብተው፣ ገንዘቡን የሚያዝዘው ማን ነው? እነዚያ ሰዎች ሦስቱንም ወስደው ነበር። ያለ ፈቃድ ለሚደረግ የቁጥጥር ዝውውር የቅጣቱ መነሻ 8,000 ዶላር ነው፤ እነርሱን የጎዳቸው ግን ከቅጣቱ ይልቅ ምርመራው የበላው ወራት ነበር። በዚያ መካከል ሻጩ አረፈ፤ ከወራሾቹ ጋር ውሉን እንደገና መዋዋል አስፈለገ። ጥፋቱን በእነርሱ ላይ ብቻ አልጥልም፤ እንዲህ ያለውን ችኮላ አስቀድሜ መጠርጠርና በግልጽ ማስጠንቀቅ የእኔ ሥራ ነበር።

እስከዚያው በአየር ላይ መሰማት ከፈለጋችሁ ሕጋዊ መንገድ አለ፤ ከባለፈቃዱ የአየር ሰዓት በጽሑፍ ውል መከራየት ትችላላችሁ። ውሉ ግን ያልወደደውን ፕሮግራም የማስቆም፣ ሠራተኞቹን የማዘዝና የጣቢያውን ሂሳብ የመክፈል ሥልጣን በሻጩ እጅ እንደሚቆይ መናገር አለበት፤ በተግባርም እንደዚያው መሆን አለበት።

የዝውውሩ ፈቃድ ሲመጣም ወዲያው ገንዘቡን አታስረክቡ። ውሳኔው ከታወቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ እንደገና ይታይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ኮሚሽኑ ራሱም በ40 ቀናት ውስጥ የሠራተኞቹን ውሳኔ መልሶ ሊያይ ይችላል። በውላችሁ ላይ ርክክቡ ውሳኔው የመጨረሻ ከሆነ በኋላ እንዲሆን አስገቡበት፤ በሌላ በኩል ግን ከፈቃዱ ጀምሮ በ90 ቀናት ውስጥ ዝውውሩ መፈጸም እንዳለበት አትርሱ። ርክክቡ እንደተፈጸመ ለኮሚሽኑ አሳውቁ፤ የባለቤትነት ሪፖርቱንም በ30 ቀናት ውስጥ አስገቡ።

እነዚያ የነገርኋችሁ ሰዎች በመጨረሻ ተፈቀደላቸው። ርክክቡ በተፈጸመበት ቀን ስቱዲዮው ውስጥ አብሬያቸው ነበርሁ። ጣቢያ ሁሉ በየሰዓቱ መጠሪያ ፊደላቱንና አስከትሎም ፈቃዱ የተሰጠበትን ከተማ ስም የመናገር ግዴታ አለበት፤ ሰዓቱ ሲሞላ ከመካከላቸው በዕድሜ ትንሿ ልጅ ወደ ማይክሮፎኑ ቀረበች፣ አራቱን ፊደላት ተናገረች፣ ከዚያም የከተማዋን ስም እንዳትሳሳት ቀስ ብላ ጠራች።