ኤጀንቱ የቀነሰልሽ ምኑን ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ ነው። ኮድ 2 ቪትዝ አለችኝ። ሙሉ ኢንሹራንስ የገባሁላት በ800,000 ብር ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ዝም ብዬ አሳድሳለሁ። አምና መናኸሪያ አካባቢ ባጃጅ በሯን ገጭቶ አመለጠ። ጋራዡ 60,000 ብር ጠየቀ። ኩባንያው ከስንት ምልልስ በኋላ 28,000 ሰጠኝ። ለምን ስላቸው «አሠራሩ ነው» አሉኝ። በጣም ነው የተናደድኩት። አሁን የሌላ ኩባንያ ኤጀንት በዓመት 4,000 ብር የሚቀንስ ዋጋ ሰጥቶኛል። «ግምቷን 700,000 እናድርገው፣ አረቦኑ፣ የዓመቱ ክፍያሽ፣ ይቀልልሻል» ነው ያለኝ። ጎረቤቴ ግን ልክ እንደኔ ያለችውን ቪትዝ ሰሞኑን በ1.6 ሚሊዮን ሸጠ። ውሌ የሚያልቀው ሐምሌ 7 ነው። አሁኑኑ ላቋርጥ ወይስ እስከዚያ ልጠብቅ? ኖ ክሌሜስ፣ ካሳ ላልጠየቀ የሚሰጠው ቅናሽ፣ ይጠፋብኛል? መኪናዋን ብዙ ጊዜ የሚይዛት ወንድሜ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሻሸመኔ ድረስ ሰው እየጫነ የነዳጇን ይሸፍናል።
ባለ ቪትዟ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ። ኩባንያ መቀየር መብትሽ ነው፤ ማንም አይከለክልሽም። ግን በንዴት ከመውጣትሽ በፊት ያቺን 28,000 ቁጭ ብለን እንያት። ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት የኢንሹራንስ ክሌም ክፍል፣ የካሳ ጥያቄ የሚታይበት፣ ነው፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ሳይ ካልኩሌተር ካላነሳሁ አይሆንልኝም።

መኪናሽ ገበያ ላይ 1.6 ሚሊዮን የምታወጣ ከሆነ፣ በ800,000 ያስገባሻት ግማሿን ነው። የቀረውን ግማሽ አደጋ ራስሽ እንደተሸከምሽው ይቆጠራል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የሚለውም ይህንኑ ነው፦ ንብረት ከዋጋው በታች ዋስትና ከተገባለት፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር ካሳውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። እንግዲህ ጉዳቱ 60,000 ነው፤ ግማሹ 30,000። ከዚያ ላይ በውሉ ያለው ተቀናሽ፣ ኤክሰስ የሚሉት ማለት ነው፣ 2,000 ብር ቢሆን ስንት ቀረ? 28,000። ውልሽን ስላላየሁ አልምልልሽም። ወራረድ ብትይኝ ግን በዚህ ነው የምወራረደው።

ይህን ቁጭ አድርገው ሊያስረዱሽ ይገባ ነበር። «አሠራሩ ነው» መልስ አይደለም። የካሳውን ስሌት በጽሑፍ ስጡኝ በያቸው፤ አሁንም አልረፈደም።

ወደ ኤጀንቱ እንምጣ። አረቦን የሚሰላው በመኪናው ግምት ላይ ነው። ግምቱ ሲወርድ አረቦኑም ይወርዳል። ስለዚህ የ4,000 ብሯ ቅናሽ የመጣችው ኩባንያው ርካሽ ስለሆነ ላይሆን ይችላል፤ ከራስሽ ዋስትና ላይ ቆርጦ መልሶ ለአንቺው ሰጠሽ ማለት ነው። በ700,000 ገብተሽ ያው በር ዘንድሮም ቢገጭ፣ የኩባንያው ድርሻ 26,250 ነው። ተቀናሹ ገና አልተነሳለትም። መኪናዋ እንዳልነበረች ብትሆን ደግሞ ከ700,000 በላይ አታገኚም። በዚያ ብር ደህና ቪትዝ ካገኘሽ እባክሽ ለእኔም ደውይልኝ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚጎዳው። የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የመኪናውም የመለዋወጫውም ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቂዋለሽ። ፖሊሲው፣ የውሉ ሰነድ ማለት ነው፣ ላይ ያለው ግምት ግን ባለቤቱ ካላስተካከለው በራሱ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ሁለቱንም ኩባንያ በአንድ ዓይነት ግምት፣ በዛሬው የገበያ ዋጋ፣ አረቦን አስሉልኝ በያቸው። ያኔ ነው ማን እንደረከሰ የሚታወቀው። ይጠቅመኛል ብለሽ 2 ሚሊዮን አታስጽፊ። ካሳ በአደጋው ቀን መኪናዋ ከምታወጣው አያልፍም፤ በትርፉ ላይ አረቦን ከፍለሽ መቅረት ነው።

ከግምቱ ሌላ የሚጠየቅ አለ። ዕቃ ሲቀየር የእርጅና ይቀንሳሉ? ጋራዥ የሚመርጠው ማነው? ስፖኪዮ ብቻውን ቢሰረቅ ይከፍላሉ? «ባንዲት፣ ሽፍታና ጎሪላ» የምትባል፣ ሽፍታና ታጣቂ ለሚያደርሰው ጉዳት የምትገባ የቆየች አባሪ ሽፋን አለች፤ ስሟ ያስቃል፣ መንገድ ላይ ለሚውል መኪና ግን ቀልድ አይደለችም። በውሉ ውስጥ ናት ወይስ ለብቻዋ ትከፈላለች? መልሱን በቃል አትቀበይ። ውሉ ላይ የቱ ጋ እንደተጻፈ ያሳዩሽ።

አሁን በመጨረሻ ጣል ያደረግሻትን ነገር ላንሳት፤ የወንድምሽን። ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው። ኮድ 2 የግል መኪና ነው። ውልሽም ለግል አገልግሎት የተገባ ነው የሚሆነው። ወንድምሽ ሂሳብ ተቀብሎ ሰው ጭኖ ሻሸመኔ መንገድ ላይ አደጋ ቢደርስበት፣ ኩባንያው «ለዚህ አልተዋዋልንም» ብሎ የመኪናሽን ካሳ ሊከለክልሽ ይችላል። የነዳጅ ብቻ ነው ብትይ የሚሰማሽ የለም። ተሳፋሪዎቹ ለትራፊክ ፖሊስ ቃል ሲሰጡ ስንት እንደከፈሉ ይናገራሉ፤ ቃሉም ሪፖርቱ ላይ ይሰፍራል። ስንቱ ፋይል እንዲህ ሲዘጋ አይቻለሁ።

ስለዚህ ወይ ጭነቱን ይተው፣ ወይ ለንግድ አገልግሎት የሚያስፈልገውን ፈቃድና ሽፋን አውጡ። አዲሱ ኩባንያ የፕሮፖዛል ፎርም ይሰጥሻል። መኪናዋን ማን እንደሚነዳ፣ ለምን ሥራ እንደምትውል፣ ከዚህ በፊት ካሳ ወስደሽ እንደሆነ ይጠይቃል። ኤጀንቱ «እኔ እሞላልሻለሁ፣ አንቺ ፈርሚ ብቻ» ካለሽ እሺ አትበይው። እያወቁ የደበቁት ነገር ውሉን ፈራሽ ያደርገዋል፤ የሚፈርሰው ደግሞ ያንቺ እንጂ የእሱ አይደለም። ወንድምሽ መንጃ ፈቃድ ያወጣው በቅርቡ ከሆነም አስመዝግቢ። ለአዲስ ሾፌር ተቀናሹን ከፍ የሚያደርጉ ኩባንያዎች አሉ።

አሁን ላቋርጥ ወይ ላልሽው፣ ጠብቂ። መሀል ላይ ስታቋርጪ የሚመለስልሽ ገንዘብ በቀረው ቀን ልክ አይደለም፤ ያነሰ ነው። ደግሞ ሐምሌ 7 ያልሽውን ቀን እስቲ ፖሊሲውን አውጥተሽ እዪው። ኩባንያዎች ቀኑን ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጽፉት። 7/7 የሚል ከሆነ በእኛ ሰኔ 30 ነው። ሐምሌ 7 ድረስ አለኝ ብለሽ ብትቀመጪ ሳምንት ሙሉ ያለ ዋስትና ነድተሽ ልትገኚ ነው። ሦስተኛ ወገን፣ መኪናሽ በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት የሚገባው ዋስትና፣ ደግሞ በሕግ ግዴታ ነው፤ ትራፊኩ ቀድሞ የሚያየው መስታወቱ ላይ ያለውን ስቲከር ነው። አዲሱ ውል አሮጌው በሚያበቃበት ሰዓት እንዲጀምር አስጽፊ፤ ክፍያውንም ቀደም ብለሽ ጨርሺ። ሳይከፈል ሽፋን የለም። የሁለቱ ቀን ቢደራረብ ለአንድ ጉዳት ሁለት ጊዜ ካሳ አይከፈልሽም፤ ትርፉ ወጪ ነው።

ኖ ክሌሙ አምና ካሳ ስትወስጂ ያኔውኑ ተነክቷል፤ አሁን በመቀየርሽ የሚጠፋ ብዙም የለሽ። ቢሆንም ስለ ካሳ ታሪክሽ ከቀድሞው ኩባንያ ደብዳቤ አጽፊ። ሊብሬዋ ባንክ የተያዘ ከሆነ ደግሞ ለባንኩ ሳታሳውቂ እንዳትቀይሪ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ባለፈው ወር ተገጭታ ጋራዥ ናት። ለኩባንያዬ አሳውቄ ሰርቬየር፣ ጉዳት ገማቹ፣ አይቷታል። ውሌ በዚህ ወር ያበቃል፤ ጥገናው ግን ገና ነው። ወደ ሌላ ኩባንያ ብሄድ የቀድሞው «ለቀውናል» ብሎ ካሳውን ያስቀርብኝ ይሆን?
ከታቦር ክፍለ ከተማ፣ ሐዋሳ

መልስ፦ አያስቀርብዎትም። የሚታየው አደጋው የደረሰበት ቀን ነው። ያን ቀን ውሉ በሥራ ላይ ከነበረ፣ ጥገናው መቼም ይለቅ መቼ የሚከፍለው ያው ኩባንያ ነው። አስቸጋሪው አዲሱ ነው። ዋስትና ከመስጠቱ በፊት መኪናዋን ይመረምራል፤ የተሰባበረች መኪና ደግሞ በሙሉ ኢንሹራንስ አይቀበልም፣ ቢቀበልም የተጎዳውን ክፍል ለይቶ ያወጣዋል። ስለዚህ የቀድሞው ኩባንያ ውሉን ለአጭር ጊዜ ያራዝምልዎት እንደሆነ ይጠይቁ። አይሆንም ካለ፣ ከጋራዥ እስክትወጣ ሦስተኛ ወገኑን ብቻ ያሳድሱ። ስትወጣ አራቱንም ጎኗን ፎቶ ያንሷትና ለአዲሱ ኩባንያ ምርመራ ይውሰዷት።