«ሳይጭኑ ማውረድ እንዴት ይሆናል?»

ጥያቄ፦ ቡሬ ላይ እህል ነጋዴ ነኝ። ለሂሳብ ሥራ ብዬ ኮምፒውተር ገዛሁ። የሚያስተምረኝ የእህቴ ልጅ ነው። «አጎቴ፣ መጀመሪያ ፕሮግራሙን ያውርዱት፣ ከዚያ ይጫኑት» ይለኛል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በቆሎ አይሱዙ ላይ ሳስጭን ኖሬያለሁ። ሳይጭኑ ማውረድ እንዴት ይሆናል? ደግሞ «ይጫኑት» ሲለኝ ቁልፉን ስጫን «እሱን አይደለም» ይለኛል። ቃሉ ነው የተበላሸው ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ? «ሚሞሪ ሞልቷል» የሚለውስ ምን ማለቱ ነው?

መልስ፦ ገብቶዎታል፤ እንዲያውም ከልጁ በላይ። ጫኝና አውራጅ ባለበት ገበያ ለኖረ ሰው «አውርደው፣ ከዚያ ጫነው» የተገላቢጦሽ ነገር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በኮምፒውተር አማርኛ መጫንና ማውረድ ተቃራኒ አይደሉም። የመጫን ተቃራኒ ማራገፍ ነው። የማውረድ ተቃራኒ ደግሞ መስቀል ነው። ልጁ ከአንደኛው ጥንድ አንድ፣ ከሌላኛው አንድ አንስቶ ጎን ለጎን ስላቆማቸው ነው ግራ የገባዎት።

ማውረድ ማለት ወጣቶቹ ዳውንሎድ የሚሉት ነው። ፕሮግራሙ ያለው ሩቅ አገር፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ነው። ያንን ኮምፒውተር ሰርቨር ይሉታል። እርስዎ ሲያወርዱ በኢንተርኔት በኩል ወደ እርስዎ ይመጣል። ከአይሱዙ ጋር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ኩንታሉ ሲወርድ መኪናው ባዶ ይቀራል፤ ፋይል ሲወርድ ግን እዚያ ያለው እንዳለ ነው። የመጣልዎት ቅጂው ነው። በተቃራኒው የራስዎን ፎቶ ወደዚያ ሲልኩ «ስቀል» የሚል ትእዛዝ ያያሉ። ቃሉ ብዙም አልተወደደም። «ፎቶህን ሰቀልኩት» ቢባል ሰው የሚያስበው ግድግዳና ምስማር ነው። ሕዝቡ «ለቀቀው» ወይም «ፖስት አደረገው» ይላል፤ እኔም «ለቀቀ» ይሻለኛል።

የወረደው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ዳውንሎድስ የሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ገና ሥራ አልጀመረም፤ እንደታሸገ ነው። ሲከፍቱትና «ጫን» ሲሉት ይፈታል፣ ክፍሎቹ በየቦታቸው ይገባሉ፣ ኮምፒውተሩም መኖሩን ይመዘግባል። መጫን ይህ ነው። ከተጫነ በኋላ ያወረዱትን የታሸገ ፋይል ቢያጠፉት ፕሮግራሙ መሥራቱን አያቆምም። በሌላ በኩል፣ ዴስክቶፕ ላይ ያለችውን ትንሿን ሥዕል ስላጠፉ ፕሮግራሙን ያስወገዱት እንዳይመስልዎት። እሷ አቋራጭ መግቢያ ናት እንጂ ፕሮግራሙ አይደለችም። ለማስወገድ ማራገፍ ያስፈልጋል። አማርኛ የተደረገ ስልክ ላይ «አራግፍ» የሚለው ይኸው ነው፤ ለነጋዴ መቼም ይህኛው ቃል አስተርጓሚ አይፈልግም።

አሁን ወደ ትልቁ ጣጣ እንምጣ። የእህትዎ ልጅ እኩያውን ቢያስተምር ኖሮ አይደናገሩም ነበር። ለጓደኛው ፕሮግራሙን «ጫነው»፣ ቁልፉን «ተጫነው» ይለዋል። ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ጆሮም ዓይንም ይለያቸዋል። ለአጎቱ ግን አንቱ ማለት አለበት። አንቱ ሲል ሁለቱም «ይጫኑት» ይሆናሉ። ያሳሳተዎት የልጁ ጨዋነት ነው ማለት ይቻላል።

ቢሆንም ሲነገሩ አንድ አይደሉም። እስኪ ጮክ ብለው ይበሏቸው። «በቆሎውን ይጫኑት» ሲሉ ጫ ይላላል። «ቁልፉን ይጫኑት» ሲሉ ጫ ይጠብቃል። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ዋናው ጉዳይ እንደሚሆነው ማለት ነው። ፊደላችን ግን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። በእናንተ በጎጃም ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ይህን ለማወቅ እኔን አይጠብቅም። ገና ንባብ ሲማር የጠበቀውን አላልቶ ካነበበ የኔታ ዝም አይሉትም። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን የኔታ የለውም። ስክሪኑ ላይ «ይጫኑ» ብቻ ተጽፎ ቢያገኙት የትኛው እንደሆነ ከፊደሉ ማወቅ አይቻልም።

ምልክት ጠፍቶ እንኳ አይደለም። ኮምፒውተሮች የየአገሩን ፊደል የሚያውቁበት ዩኒኮድ የሚባል የጋራ ዝርዝር አለ። ፊደላችን እዚያ ውስጥ የገባው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ነው። በ2005 ደግሞ ማጥበቂያ ተጨመረለት፤ ከፊደሉ ራስ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ነጥቦች ናቸው። የስልክ ኪቦርድ ላይ ግን ፈልገው የሚያገኙት አይመስለኝም፤ ቢያገኙትም በየቀኑ የሚጠቀምበት ሰው የለም።

ስለዚህ መፍትሔው ከቃል ምርጫ ነው። ልጁን እንዲህ ይበሉት። ስልክ ላይ ሲሆን «ይንኩት» በለኝ፤ ብርጭቆ ስክሪን ይነካል እንጂ አይጫንም። በማውስ ሲሆን «ጠቅ ያድርጉት» በለኝ። «ይጫኑት»ን ለፕሮግራም ብቻ ተወው። ፍላሽ ላይ «ሙዚቃ እንጭናለን» የሚሉትም አሉ። እሱ ኮፒ ማድረግ ነው፤ የሚፈታም የሚመዘገብም ነገር የለውም።

«ጠቅ»ን የሚንቁ ሰዎች ገጥመውኛል፤ የልጅ ጨዋታ ይመስላቸዋል። እኔ ግን በአማርኛ ወግ የተሠራ ቃል ነው እላለሁ። ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ከፍ አደረገ እንደምንለው ጠቅ አደረገ አልን። «ሴቭ አደረገ» እና «ኮፒ አደረገ» ሳይከብዱን የገቡትም በዚሁ በር ነው። የባዕዱን ቃል እንዳለ አስቀምጠን፣ «አደረግሁ፣ አደረገች» እያሉ የመለዋወጡን ሥራ ለ«አደረገ» እንሰጠዋለን። ስሙም እንደዚያው ነው፤ ፋይሉ፣ ፋይሌ፣ ፋይሎቹ ስንል ቃሉ ከውጭ ቢመጣም ሰዋስዉ የኛው ነው። ማውስን «መዳፊት» ያሉም አሉ። ከመዳፍ የወጣ ደስ የሚል ቃል ነው። ግን ቡሬ ሱቅ ገብተው «መዳፊት አለ?» ቢሉ ባለሱቁ መጥረጊያ ሊያወጣልዎት ይችላል። ለጀማሪ ሱቅ የሚያውቀውን ቃል ማስተማር ይሻላል።

ሚሞሪን በተመለከተ፣ እዚህ የተምታታው አማርኛው ሳይሆን አጠራሩ ነው። አንድ ስም ለሦስት ነገር ሰጥተናል። ስልክ ውስጥ የምትገባዋ ካርድ ሚሞሪ ትባላለች። ኮምፒውተሩ ፋይል የሚያስቀምጥበትን ሃርድ ዲስክም ሚሞሪ የሚሉት አሉ። ሦስተኛው ራም ነው፤ ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራበትን ነገር ብቻ ለጊዜው የሚይዝበት። ልዩነቱን መብራት ሲሄድ ያዩታል። የሁለት ሰዓት ሂሳብ ጽፈው ሴቭ ሳያደርጉ መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ቢዘጋ፣ ራም ላይ የነበረው አብሮ ይጠፋል። ሴቭ ያደረጉት ግን ሃርድ ዲስክ ላይ ስለተጻፈ መብራቱ ሲመለስ እንዳለ ያገኙታል።

እንግዲህ ልጁ «ሚሞሪ ሞልቷል» ሲልዎት «የቱ?» ይበሉት። ካርዷ ወይም ሃርድ ዲስኩ ከሆነ የማይፈልጉትን ፋይል ያጥፉ ወይም ወደ ፍላሽ ያዛውሩ። ራሙ ከሆነ ምንም ማጥፋት አያስፈልግም፤ የከፈቷቸውን ፕሮግራሞች ሴቭ እያደረጉ ይዝጉ፣ ካልሆነም ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያድርጉት።