ክዳኑ ሲከፈት የማይነቃው ላፕቶፕ

ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አንዲት ተማሪ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 ነው። ባለፈው ሳምንት አፕዴት ካደረገ ወዲህ ክዳኑን ዘግቼ ስከፍተው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ፋኑ ግን ይሰማኛል። ቦርሳ ውስጥ ሳስገባው ይግላል፤ ቤት ስደርስ ባትሪው አልቋል። ጓደኛዬ ፎርማት ይደረግ አለኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ በሙሉ እሱ ላይ ነው። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ፎርማቱን ለጊዜው እርሺው። መጀመሪያ ጽሑፍሽን ዛሬውኑ ፍላሽ ላይ ገልብጪ።

የነገርሽኝ ሁለት ችግር ነው። ጥቁሩ ስክሪን ተኝቶ አልነቃም ማለት ነው። የቦርሳው ሙቀት ደግሞ ጭራሽ አልተኛም ማለት ነው።

ስክሪኑ ሲጠቁርብሽ ፓወር በተኑን ለመጫን አትቸኩዪ። ካፕስ ሎክን እየደጋገምሽ ተጫኚና መብራቷን እያት። ስትጫኚ ከበራች፣ ደግመሽ ስትጫኚ ከጠፋች፣ ማሽኑ ነቅቷል፤ ያልነቃው ስክሪኑ ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ መምህር «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል ተብያለሁ» ብሎ ላፕቶፑን አመጣልኝ። ክዳኑን ከፍቼ ካፕስ ሎክን ስጫን መብራቷ ቦግ አለች። የተቃጠለ ማዘርቦርድ እንዲህ አይመልስም። ችግሩ ከአፕዴት ጋር የገባ የግራፊክስ ድራይቨር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የሚያዘው ፕሮግራም ነበር። ሰውየው አዲስ ላፕቶፕ ሊገዛ ብር እያጠራቀመ ነበር።

መብራቷ ከመለሰችልሽ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫኚ። ይሄ የግራፊክስ ድራይቨሩን እንደ አዲስ ያስነሳዋል። ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ከመጣ ጥፋተኛው ተገኘ። መብራቷ ዝም ካለች ግን ፓወር በተኑን 15 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ቆዪና አጥፊው። ሴቭ ያላደረግሽው ሥራ ይጠፋል፣ ሌላ ምርጫ ግን የለም።

ድራይቨሩን ለማስተካከል ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቺ። ዲስፕሌይ አዳፕተርስ ሥር ያለውን ስም በቀኝ ክሊክ አድርጊ፤ ፕሮፐርቲስ፣ ድራይቨር፣ ከዚያ ሮል ባክ ድራይቨር በዪ። ሮል ባክ ደብዝዞ አልጫን ካለሽ የላፕቶፕሽን ሞዴል ፈልገሽ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርጂ። «ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ እናድስልሽ» የሚሉ ፕሮግራሞችን አደራ አትጫኚ። አፕዴቱን ራሱን ማራገፍም ይቻላል። እኔ ግን አልመርጠውም፤ የደኅንነት ቀዳዳ የደፈነውን አብሮ ይወስደዋል።

ስትጨርሺ ሻት ዳውን ሳይሆን ሪስታርት አድርጊው። ፋስት ስታርታፕ (ዊንዶውስ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገው ምርጫ) በርቶ ከሆነ ሻት ዳውን ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ ድራይቨሮቹን ዲስክ ላይ አስቀምጦ መልሶ ያነሳቸዋል። ከአዲስ የሚጀምረው ሪስታርት ነው።

አሁን ወደ ቦርሳው። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ስሊፕ ላይ፣ ማለትም ሲተኙ፣ እንደ ስልክ ናቸው። ስክሪናቸው ይጠፋል እንጂ ውስጥ ለውስጥ ኢንተርኔት ይነካካሉ፣ አፕዴት ያወርዳሉ። በሚያዝያው የባሕር ዳር ሙቀት፣ አየር በሌለው ቦርሳ ውስጥ፣ ይህ ለባትሪው ክፉ ነው። ስለዚህ ኮንትሮል ፓነል ገብተሽ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ክዳኑ ሲዘጋ ሃይበርኔት እንዲያደርግ እዘዢው። ሃይበርኔት ራም ላይ ያለውን ሁሉ ዲስክ ላይ ጽፎ ማሽኑን ያጠፋዋል። ሲነሳ ጥቂት ሰከንድ ይዘገያል። ግን አይግልም። መብራት ሄዶ ባትሪው ባዶ ቢሆን እንኳ ክፍት የነበረው ገጽሽ እንዳለ ይጠብቅሻል።

ሃይበርኔት ምርጫው ውስጥ ከሌለ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ክፈቺ። ፓወር የሚለውን ቃልና ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ፊደላትን ሳትለያዪ ጻፊ፤ ክፍት ቦታ ትተሽ ስላሽና ኤች፣ እንደገና ክፍት ቦታ ትተሽ ኦን በዪና ኢንተር ተጫኚ።

ስሊፕን የግድ ከፈለግሽ ደግሞ የገመድ አልባ ማውስሽን መሰኪያ ነቅለሽ ያዢ። ባጃጅ ላይ ቦርሳው ሲንገጫገጭ ማውሱ ይነቃነቃል፣ ላፕቶፑም ይነሳል።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለ የባዮስ፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም፣ አፕዴት ይቀራል። እሱን ብቻሽን አትንኪው። መሃል ላይ ኃይል ከተቋረጠ ማሽኑ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ፣ የሚያውቅ ሰው አጠገብሽ ይሁን። እስከዚያው ካፕስ ሎኳ ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ፤ ከዚያ እንቀጥላለን።